የራስ ኤምሲ ወይስ ለካምፓኒ ሊዝ? የአንድ ትራክ ሒሳብ

ባለአንድትራክ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የ2019 ስሊፐር (መኝታ ያለው) ትራክ አለኝ፤ ዕዳው ተከፍሎ አልቋል። ትሬለር የለኝም። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ካወጣሁ አራት ዓመት አልፎኛል፤ መዝገቤ ላይ አደጋም ትኬትም የለም። እጄ ላይ 20,000 ዶላር አካባቢ አለ። ሥራው ድራይ ቫን (ማቀዝቀዣ የሌለው ዝግ ትሬለር) ነው፤ ከቴክሳስ ወደ መካከለኛው ምዕራብና ወደ ደቡብ ምሥራቅ።

አንድ ካምፓኒ ከግሮሱ (ጭነቱ ከሚያስገባው ጠቅላላ ገንዘብ) 75 በመቶ እሰጥሃለሁ ብሏል። ትሬለሩ፣ ላያቢሊቲው (በሌላው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው ኢንሹራንስ) እና የካርጎ (የጭነት) ኢንሹራንሱ የእነሱ ነው፤ ነዳጅና ጥገና የእኔ። ሰው ሁሉ ግን «25 በመቶ ለምን ትገብራለህ? የራስህን ኤምሲ አውጣ» ይለኛል፤ በራስ ስም ጭነት የማመላለሻ የፌዴራል ፈቃዱን ማለት ነው። እውነት ያ 25 በመቶ ኪስ ይገባል? ለመጀመርስ ስንት ብር መያዝ አለብኝ? ሊዝ ካደረግሁ፣ ማለትም ትራኬን ይዤ በካምፓኒው ፈቃድ ሥር ከሠራሁ ደግሞ፣ ውሉ ላይ ምኑን ልይ?

የማይል ሒሳብ፦

ወንድሜ፣ 25 በመቶውን የሚወሰድብህ ገንዘብ አድርገህ ብቻ ካየኸው ሒሳቡ ከመነሻው ይጣመማል። ገንዘቡ ወደ አንተ ሲዞር ወጪውም አብሮት ይዞራል። ለስሌት ያህል በሳምንት፣ ባዶውን ጨምሮ፣ 2,500 ማይል ሄደህ ግሮስህ 5,500 ዶላር ሆነ እንበል። በሊዝ 4,125 ይደርስሃል። ልዩነቱ 1,375 ነው።

ከዚህ ላይ መጀመሪያ ኢንሹራንስ ይነሳል። ለተራ ጭነት የፌዴራሉ ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ላያቢሊቲ 750,000 ዶላር ነው፤ ብሮከር (ጭነት አገናኝ ደላላ) ግን 1,000,000 ላያቢሊቲና 100,000 ካርጎ ካላየ አብዛኛውን ጊዜ አያናግርህም። ለአዲስ ኤምሲ በዓመት 18,000 ብንይዝ (እንደ ስቴቱና እንደ መዝገብህ ከፍም ዝቅም ይላል) በሳምንት 346 ይሆናል። የትሬለር ኪራይ 200። ፋክተሪንግ (ደረሰኝህን ገዝቶ ቶሎ የሚከፍልህ ድርጅት) በ3 በመቶ 165። ነዳጅ ላይ በጋሎን 6.5 ማይል የምትሄድ ከሆነ በሳምንት 385 ጋሎን ትቀዳለህ፤ ካምፓኒው በነዳጅ ካርዱ የሚያገኘው ቅናሽ ከአንተ በጋሎን 40 ሳንቲም ቢበልጥ 154 ዶላር ነው። ሎድ ቦርድ (ሎድ፣ ማለትም ጭነት የሚፈለግበት ድረ ገጽ)፣ ኢኤልዲ (የመንዳት ሰዓት መመዝገቢያ መሣሪያ)፣ የድራግ ቴስት ኮንሶርቲየም (ምርመራውን በጋራ የሚያካሂድ ድርጅት) እና አካውንታንት ተደምረው 75፤ ሰሌዳና የከባድ መኪና ግብር 45። ድምሩ 985 ነው። የቀረህ 390።

390ን ለ2,500 ማይል አካፍለው፤ በማይል 15 ሳንቲም ከምናምን ነው። የምትከራከርበት ትርፍ ይቺው ናት። አዲስ ኤምሲ ደግሞ ዋጋ ላይ ይመታል፤ ብዙ ብሮከር 90 ቀን፣ አንዳንዱም ስድስት ወር ያልሞላውን ካሪየር (አጓጓዥ) አያስገባም። የቀሩት ጥቂቶች ሌላ አማራጭ እንደሌለህ ያውቃሉ። በማይል 15 ሳንቲም ቢያወርዱብህ ወይም ሎድ ፍለጋ ባዶ ማይልህ ቢጨምር ትርፉ ያኔውኑ ያልቃል፤ ያውም የሎድ ፍለጋው፣ የስልኩና የወረቀቱ ሰዓት ሳይታሰብ።

ሒሳቡ የሚገለበጠው በኋላ ነው። ንጹሕ መዝገብ ይዘህ ኢንሹራንሱ ወደ 12,000 ከወረደ በሳምንት 115 ትመልሳለህ። ጥሬ ገንዘብ አጠራቅመህ ፋክተሪንጉን ከተውክ ሌላ 165። ያኔ 390 የነበረው 670 ይሆናል፤ ለዚያ ልፋት ዋጋ አለው።

መነሻ ገንዘቡን በተመለከተ፣ ሰው የሚፈራው የኦቶሪቲ (የኤምሲ ፈቃዱ) ክፍያ ከሁሉም ትንሹ ነው። ለኤፍኤምሲኤስኤ (የፌዴራሉ የከባድ መኪና ደኅንነት መሥሪያ ቤት) 300 ዶላር ትከፍላለህ፤ ቢሰረዝም አይመለስም። የዲኦቲ ቁጥሩ (የካሪየሩ መለያ) ራሱ ነፃ ነው። ቢኦሲ-3 (በየስቴቱ የፍርድ ቤት ወረቀት የሚቀበልልህ ወኪል መሰየሚያ ቅጽ) በወኪል በኩል ይሞላል፣ ብዙ አያስወጣም። ዩሲአር (ዓመታዊ የካሪየር ምዝገባ) ለአንድ ትራክ 50 ዶላር አይሞላም። ፎርም 2290 (የከባድ መኪና ግብሩ) ከ75,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ በዓመት 550 ነው። ከባዱ የኢንሹራንሱ ቅድሚያ ነው፤ ከ15 እስከ 25 በመቶ ከጠየቁህ ከ18,000ው 2,700 እስከ 4,500 በአንዴ ይወጣል። ከዚያ፣ ፋክተሪንግ ካልያዝክ፣ ክፍያ ጥበቃው አለ። ብሮከር «30 ቀን» ሲልህ ቀኑ የሚቆጠረው ሎዱ ከወረደበት ሳይሆን የተሟላ ወረቀት ከደረሰው ቀን ነው፤ እስከዚያ ዲዝሉ በ3.80 ቢታሰብ በሳምንት 1,463፣ በአራት ሳምንት ወደ 5,850 ዶላር ታወጣለህ። የአይአርፒ (በብዙ ስቴት የሚያሠራ) ሰሌዳና የትሬለር ማስያዣ ሲጨመርበት ከ20,000ህ ግማሹ ሄዷል። የቀረው ግማሽ ነው ትራኩ ሲበላሽ የሚጠብቅህ። በዚህ ዕድሜ ያለ ሞተር ላይ ደግሞ ችግሩ በአብዛኛው ከጭስ ማጣሪያው ወገን ይመጣል፦ ኖክስ ሴንሰር፣ ዴፍ ፓምፕ፣ የተደፈነ ዲፒኤፍ። ሞተሩ ደህና ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ ኃይል ይቀንስብሃል፣ ትራኩም ጋራዥ ተራ ይጠብቃል። በሊዝም ቢሆን ጥገናው ያንተ ነው፤ ግን ቆሞ ለሚውል ትራክ ለዚያ ሁሉ ኢንሹራንስ አትከፍልም።

ውል አንባቢ፦

ከላይ ያለው ሒሳብ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን አልተነካም፦ የምኑ 75 በመቶ? አንድ ሎድ ላይን ሆሉ (የማጓጓዣው መነሻ ዋጋ) 2,000፣ ፊውል ሰርቻርጁ (የነዳጅ ጭማሪው) 400 ነው እንበል። 75 በመቶው ከጠቅላላው ከታሰበ 1,800 ታገኛለህ። ከላይን ሆሉ ብቻ ታስቦ ሰርቻርጁን ካምፓኒው ካስቀረው 1,500 ነው። ሰርቻርጁ ሙሉ በሙሉ ለአንተ ካለፈ 1,900። ሦስቱም ማስታወቂያ ላይ «75 በመቶ» ይባላሉ።

ከዚያ የባሰው ካምፓኒው የራሱ ብሮከሬጅ ሲኖረው ነው። ደንበኛው 2,800 ይከፍላል፣ እህት ድርጅቱ 400 ያነሳል፣ አንተ ዘንድ «ግሮስ» ሆኖ የሚደርሰው 2,400 ነው። ሎዶቹ ከየት እንደሚመጡ ሳትፈርም ጠይቅ።

የፌዴራሉ የሊዝ ደንብ፣ ክፍል 376፣ እዚህ ላይ በደንብ ይጠቅምሃል፤ ባለትራኩ አያነበውም እንጂ። በመቶኛ የምትከፈል ከሆነ ካምፓኒው ዋጋው ያለበትን የጭነት ቢል ቅጂ ሒሳብህን ሲዘጋ ወይም ከዚያ በፊት ሊሰጥህ ይገባል። የላኪና የተቀባይ ስም መሸፈን ይችላል፤ ዋጋውን ግን አይችልም። የማድረሻ ወረቀቱን ካስገባህ በ15 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። ከሴትልመንትህ (ተሠልቶ ከሚዘጋልህ ክፍያ) የሚቆረጠው እያንዳንዱ ነገር፣ ከነአሰላሉ፣ ውሉ ላይ መጻፍ አለበት፤ «ሌሎች ወጪዎች» የሚል ባዶ መስመር ካየህ እንዲዘረዝሩት አድርግ። ነዳጅ፣ ኢንሹራንስም ሆነ ሌላ ነገር ከእነሱ ካልገዛህ ብሎ ሊያስገድድህ አይችልም።

ኢስክሮውን (ካምፓኒው ለዕዳ መያዣ ከአንተ የሚያስቀምጠውን ገንዘብ) ለብቻው አንብበው። መጠኑ፣ ለየትኛው ዕዳ እንደሚነካና ሲጠየቅ ሒሳቡ እንደሚሰጥህ መጻፍ አለበት፤ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ወለድ ይታሰብበታል፤ ውሉ ካበቃ በ45 ቀን ውስጥ ይመለሳል። ጭቅጭቅ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሲለቁ የመጨረሻው ኢፍታ (በስቴቶች የሚከፋፈለው የነዳጅ ግብር)፣ ያልተመለሰ ሰሌዳ፣ የጠፋ ኢኤልዲ ሁሉ ከዚያው ይነሳል።

ኢንሹራንሱም «የእነሱ ነው» ሲሉህ እዚያ ላይ አታቁም። ላያቢሊቲው የካምፓኒው ግዴታ ነው፤ ክፍያውን ግን ከሴትልመንትህ ሊቆርጥ ይችላል፣ ውሉ ላይ ከተጻፈ። አደጋ ቢደርስ ዲዳክቲብሉን (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪስ የሚወጣውን) ማን ይከፍላል? አንዳንድ ውል በሙሉ ባንተ ላይ ይጥለዋል። ለራስህ ትራክ ፊዚካል ዳሜጅ፣ ከሥራ ውጭ ለምትነዳው ደግሞ ነን-ትራኪንግ ላያቢሊቲ ያስፈልግሃል። ይሄ ሁለተኛው ሰው ከሚያስበው በጣም የጠበበ ነው፤ ሎድ ልታነሳ ባዶህን እየሄድክ ከሆነ በሥራ ላይ እንዳለህ ይቆጠርና ኢንሹራንሱ ዞር ይላል።

ቀሪው ቶሎ የሚታይ ነው፦ ሎድ እምቢ ማለት ይቻላል ወይ፣ ለመልቀቅ ስንት ቀን ማስታወቂያ፣ ከለቀቅህ በኋላ ከደንበኞቻቸው ጋር መሥራት ይከለክላል ወይ።

ደግሞ ቢሮ ስትገባ «አዲስ ትራክ በሊዝ ፐርቼዝ እንስጥህ» (እየሠራህ ከክፍያህ እየተቆረጠ የምትገዛው) ካሉህ ያ ሌላ ንግድ ነው፤ የተከፈለ ትራክህን ይዘህ ውጣ። ኤፍኤምሲኤስኤ ያቋቋመው ግብረ ኃይል በጥር 2025 ባቀረበው ሪፖርት ኮንግረስ ይህን ዓይነቱን ውል እንዲከለክል ነው የመከረው።

ባለአንድትራክ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ 75 በመቶው ሦስት ዓይነት ሊሆን እንደሚችል አላሰብኩም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር። ሊዝ ላይ ሆኜ ኤምሲውን ከአሁኑ ከፍቼ ዕድሜ ቢቆጥርልኝስ? ደግሞ አንድ የማውቀው ሰው «በእኔ ኤምሲ ሥራ፣ 10 በመቶ ብቻ ስጠኝ» ይላል። ይሄኛው ከካምፓኒው አይሻልም?

ፍሬን ይፈተሽ፦

የመጀመሪያው አያዋጣም። ብሮከር የሚቆጥረው ኦቶሪቲው አክቲቭ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ነው፤ አክቲቭ ሆኖ እንዲቆይ ደግሞ ኢንሹራንሱ መዝገብ ላይ መቆየት አለበት። ክፍያ ካቆምክ ኢንሹራንሱ ለኤፍኤምሲኤስኤ የ30 ቀን ማስታወቂያ ይልካል፣ ቀጥሎ ኦቶሪቲው ይሰረዛል። በሊዝ ውሉ መሠረት ትራኩ በካምፓኒው ብቸኛ ይዞታና ቁጥጥር ሥር ስለሆነ በራስህ ኤምሲ ሎድ ልትጭንበት አትችልም። ስለዚህ ለማይንቀሳቀስ ነገር በሺዎች ትከፍላለህ። በዚያ ላይ ዓመት ሞልቶት አንድም ኢንስፔክሽን (የመንገድ ላይ ፍተሻ) የሌለው ካሪየር ለብሮከሮች የማጣሪያ ሲስተም ራሱ ጥርጣሬ ነው። አሮጌ ኤምሲ ከሰው መግዛትም ያው ነው፤ እንዲያውም የቀድሞው ባለቤት የኢንሹራንስ ክሌም (የካሳ ጥያቄ)፣ የኢንስፔክሽን ታሪክና የፋክተሪንግ ዕዳ ተጎትቶ ሊመጣብህ ይችላል።

የሰውየው 10 በመቶ ርካሽ የሚሆነው ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ከተሠራ ነው። የሚከተለውን ጠይቀው፦ የተፈረመ የሊዝ ውል አለ? ቅጂው ትራኩ ውስጥ ይቀመጣል? በር ላይ የእሱ ስምና ዲኦቲ ይለጠፋል? አንተ በእሱ የድራግ ቴስት ፕሮግራም ውስጥ ትገባለህ? ኢኤልዲው በእሱ አካውንት ነው? ትልቁ ጥያቄ የትራክህ ቪን (የሻንሲ) ቁጥርና ያንተ ስም ኢንሹራንሱ ላይ አለ ወይ የሚለው ነው። ወረቀቱን ከሰውየው እጅ አትቀበል፤ ከኢንሹራንስ ኤጀንቱ በቀጥታ ይላክልህ። ፖሊሲው ላይ ያልተመዘገበ ትራክና ያልታወቀ ሹፌር ይዘህ ሰው ብትገጭ ከኢንሹራንሱ ጋር የሚመጣው ክርክር ቤትህንም ሊነካ ይችላል። ትራኩ በእውነት የሚያድርበትን አድራሻ ሳይሆን ርካሽ የሆነ ስቴት አድራሻ የሚያስመዘግቡም አሉ፤ ክሌም ሲመጣ መጀመሪያ የሚመረመረው እሱ ነው።

መስመሬን ልምረጥ፦

እኔ ትንሽ ልቃወም። ሁላችሁም አዲስ ኤምሲን ከሎድ ቦርድ ጋር አጣብቃችሁታል። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሦስት ላኪ ወይም ከመጀመሪያው ቀን የሚቀበል ብሮከር አስቀድሞ ያለው ሰው የ15 ሳንቲሙ ቅናሽ አይመለከተውም። ችግሩ ብዙው ሰው ኤምሲውን አውጥቶ ነው ደንበኛ መፈለግ የሚጀምረው። መጀመሪያ ስልክ ደውል፦ «አዲስ ካሪየር ትቀበላላችሁ? ስንት ቀን?» ብለህ ጠይቅና ዝርዝር ያዝ። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ሊዝ አድርግ፤ ካልሆነ ግን ዋጋ የምትመርጠው፣ ቤት የምትገባበትን ቀን የምትወስነው አንተ ነህ።

ኤምሲ የሚዘጋባቸውን ሰዎች የሚጥላቸው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ወረቀትም ነው። ማመልከቻው በገባ በቀናት ውስጥ መንግሥታዊ የሚመስል ደብዳቤና ስልክ ይጎርፍልሃል፤ «ዲኦቲህ ሊዘጋ ነው፣ ክፈል» የሚል። በየሁለት ዓመቱ የሚታደሰው ኤምሲኤስ-150 (የካሪየር መረጃ ቅጽ) ነፃ ነው፤ ማንም ገንዘብ ቢጠይቅህ ለራሱ ነው። የእውነተኛው የኒው ኤንትራንት (የአዲስ ካሪየር) ኦዲት መልእክት ደግሞ በዚያ ሁሉ ቆሻሻ መሃል ይጠፋል፤ ኢሜይልህንና አድራሻህን ትክክል አድርግ። ኦዲቱ ሥራ በጀመርክ በ12 ወር ውስጥ ይመጣል፣ ክትትሉ 18 ወር ነው። ብቻህን ብትሆንም የድራግና አልኮል ፕሮግራም ከሌለህ በቀጥታ ትወድቃለህ፤ ኮንሶርቲየም ውስጥ ግባ፣ ክሊሪንግሃውስ (የፌዴራሉ የድራግና አልኮል ጥሰት መዝገብ) ላይ እንደ አሠሪም ተመዝገብ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የራስህን ስም ጠይቅ። አስቂኝ ነው፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው። ዓመታዊ ኢንስፔክሽን፣ የስድስት ወር ሎግ፣ የጥገና ደረሰኝና የሹፌር ፋይል በአንድ ፎልደር ይቀመጡ።

ኢፍታ በየሦስት ወሩ ነው፦ ኤፕሪል 30፣ ጁላይ 31፣ ኦክቶበር 31፣ ጃንዋሪ 31። ግብሩ የሚታሰበው በየስቴቱ በነዳኸው ማይል እንጂ በቀዳህበት ቦታ ስላልሆነ ፓምፑ ላይ ርካሽ የመሰለህ ዲዝል ግብሩ ዝቅተኛ ስለሆነ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱን በኋላ ትከፍላለህ። በኬንታኪ የምታልፍ ከሆነ ኬዋይዩ (የስቴቱ የማይል ግብር) ቁጥር ያስፈልጋል፤ ኒው ሜክሲኮ፣ ኦሪገንና ኒው ዮርክም የራሳቸው የማይል ግብር አላቸው። በሊዝ ይሄን ሁሉ ካምፓኒው ነው የሚሠራልህ፤ 25 በመቶው ውስጥ ያለ ነው።

ኢንስፔክሽንም በራስህ ዲኦቲ ላይ ይከብዳል፤ ትልቅ ካምፓኒ በብዙ መቶ ኢንስፔክሽን መሃል አንድ ጥፋት ይውጣል፣ ያንተ ሦስት ኢንስፔክሽን ላይ አንድ አውት ኦፍ ሰርቪስ (ከመንገድ መታገድ) ግን ሲሶው ነው፤ ብሮከሩም ያያል። ከጁን 25፣ 2025 ወዲህ በእንግሊዝኛ ከኢንስፔክተሩ ጋር መግባባት አለመቻልም አውት ኦፍ ሰርቪስ ያደርጋል፤ የመንገድ ምልክቶችንና የተለመዱ ጥያቄዎችን መለማመድ አያስንቅም።

ሬት ኮንፈርሜሽን (የሎዱን ዋጋና ስምምነት ማረጋገጫ) ስትፈርም አትቸኩል። በላዩ ያለው የብሮከር ስምና ኤምሲ ከደወለልህ ሰው ጋር አንድ ነው? ስልኩን ኢሜይሉ ላይ ካለው ሳይሆን ኤፍኤምሲኤስኤ መዝገብ ላይ ካለው አውጥተህ ደውል፤ የደብል ብሮከሪንግ (የሌላውን ሎድ በማጭበርበር ላንተ የሚሰጡ) ሌቦች በኢሜይሉ አድራሻ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ነው የሚቀይሩት። ሎዱን ታደርሳለህ፣ ከፋይ ግን የለም። የብሮከሩ ቦንድ (ዋስትና) 75,000 ዶላር ነው፤ እሱም ያልተከፈሉት ሁሉ የሚካፈሉት ነው። ዲቴንሽን (ሲጫን ወይም ሲወርድ ለቆምክበት የሚከፈለው) በአብዛኛው ከሁለት ሰዓት በኋላ ይጀምራል፤ ሁለቱ ሰዓት ከመሙላቱ በፊት በጽሑፍ ካላሳወቅህና የገባህበትና የወጣህበት ሰዓት የጭነት ቢሉ ላይ በተቀባዩ ካልተጻፈ ግን ገንዘቡን እርሳው። ላምፐር (የአውራጅ ክፍያ) ደረሰኝ፣ ሎዱ ቢሰረዝ የሚከፈለው፣ የመዘግየት ቅጣቱ፣ ሁሉም እዚያው በትንንሽ ፊደል አለ።

ካሊፎርኒያዊ፦

በአጭሩ፦ ካሊፎርኒያ ለምትኖሩ ኤቢ5 የሚባለው፣ ባለትራክን ተቀጣሪ አድርጎ ሊቆጥር የሚችል ሕግ ስላለ ብዙ ካምፓኒዎች እዚያ ካለ ባለትራክ ጋር ሊዝ አይዋዋሉም፤ ምርጫው ራሱ ይጠባል። ታክሱ ግን በሁለቱም መንገድ ያው ነው፤ ካምፓኒውም 1099 (ተቀጣሪ ላልሆነ ሰው የሚሰጥ የገቢ ቅጽ) ነው የሚሰጥህ። 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ታክስ ከገቢ ታክሱ በተጨማሪ ይመጣል፤ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ አጋማሽ ከፋፍለህ ክፈል።

የማይል ሒሳብ፦

ከላይ የተባለው የስልክ ዝርዝር ጥሩ ሐሳብ ነው፤ 20,000 ይዞ ደንበኛ ለሌለው ሰው ግን መልሴ አሁንም ሊዝ ነው፤ በሦስቱ የ75 በመቶ ዓይነቶች መሃል የትኛው እንደሆነ ካረጋገጠ በኋላ። ትሬለር ለመግዛት አትቸኩል፤ ጥሬ ገንዘቡን ወደ 35,000 አድርስ።

ወደ ራስህ ኤምሲ ለመዞር ስትወስን ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። ከ60 ቀን በፊት ከሁለት ሦስት ኤጀንት የኢንሹራንስ ዋጋ አስጠይቅ። ሊዝ ላይ እያለህ ኢንሹራንሱ በካምፓኒው ስም ስለነበር የራስህ የክሌም ታሪክ የለህም፤ ስለዚህ ከካምፓኒው የሠራህበትን ጊዜና አደጋ አለመኖሩን የሚገልጽ ደብዳቤ በሰላም እያላችሁ አስጽፍ፣ ከለቀቅህ በኋላ ማንም አይጽፍልህም። ማመልከቻውን አስገባ፣ የኢንሹራንሱ ፋይሊንግ ግን የሚጀምርበት ቀን ሊዙ ከሚያበቃበት ቀን ጋር ይገናኝ። ሰሌዳው በካምፓኒው አይአርፒ ከሆነ መመለስ አለበት፤ ማኅተም ያለበት የ2290 ስኬጁል 1 (ግብሩ መከፈሉን ማረጋገጫ) አዘጋጅተህ የራስህን ሰሌዳ ቀድመህ ካልጀመርክ ትራኩ ሰሌዳ ሲጠብቅ ሳምንት ይቆማል። የበሩን ስቲከር ስታነሳ በፊትና በኋላ ፎቶ አንሳ፤ ሰሌዳውንና ኢኤልዲውን በትራኪንግ ቁጥር ላከው፤ መለያዎቹ እስኪመለሱ የመጨረሻ ክፍያህን መያዝ እንዲችሉ ውሉ ሊፈቅድላቸው ይችላል። የኢስክሮው 45 ቀን የሚቆጠረው ውሉ ካበቃበት ቀን ስለሆነ ማስታወቂያህን በጽሑፍና ከነቀኑ ስጥ። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ደግሞ አትጀምር፤ ጭነት የሚቀዘቅዝበት ወቅት ነው፣ ለ90 ቀን በጥቂት ብሮከር ለምትሠራ ሰው አይመችም።